ሰንጠረዡ ሲያምጽ

በሰንጠረዥ ጨዋታ ወታደር አያምጽም። ይህን ነገር ብዙዎቻችን ልብ ብለነው አናውቅም። ንጉሡን ለማዳን ወታደሩን ወደ ፊት ስንገፋው «ለምን እኔ?» አይልም። ፈረስ ለመብላት ሁለት ወታደር ስንገብር፣ የቀሩት ስድስቱ ተሰብስበው አይመክሩም። ተጫዋቹ የሚፈራው ከፊት ለፊቱ የተቀመጠውን ሰው ብቻ ነው። በራሱ ቀለም የተቀባው እንጨት ከኋላው ይነሣብኛል ብሎ ሰግቶ አያውቅም።

የዛሬው ጽሑፌ መነሻ ግን ያመጸ ሰንጠረዥ ነው።

ከጥቂት ወራት በፊት አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አክስቴን ልጠይቅ ሄድሁ። ቡናው እስኪፈላ ድረስ የኮሌጅ ተማሪ ከሆነው የመጨረሻ ልጇ ክፍል ገብቼ ከጎኑ ተቀመጥሁ። ልጁ በኮምፕዩተሩ ላይ አንድ ታላቅ የጠፈር ግዛት ያስተዳድር ነበር። ከዋክብት አሉ፤ በየኮከቡ ዙሪያ የሚዞሩ ፕላኔቶች አሉ፤ በፕላኔቶቹ ላይ የሰፈሩ ሕዝቦች አሉ። እኔ አጠገቡ በተቀመጥሁበት ጊዜ ውስጥ ብቻ ሦስት የጦር መርከብ ጓዶች ወደሙበት። ምንም አላለም። ትከሻውን ሰበቅ አድርጎ ሌላ መርከብ እንዲሠራ ያዛል። ቆየት ብሎ ግን አንዲት የዳር አገር ፕላኔት «ከእንግዲህ በአንተ አልገዛም» ብላ ባንዲራዋን ለወጠች። ያን ጊዜ ልጁ ከወንበሩ ተነሣ። «ይሄማ ማጭበርበር ነው!» አለ። ወዲያውም ከአንድ ሰዓት በፊት አስቀምጦት የነበረውን ጨዋታ ከፈተና ፕላኔቲቱ ሳታምጽ ወደ ነበረችበት ዘመን ተመለሰ። ነገሥታት ሁሉ ሲመኙት የኖሩትን፣ ታሪክን ወደ ኋላ መመለስን፣ በሁለት ጣቱ ፈጸመው።

ነገሩ ከአእምሮዬ አልጠፋ አለ። ሦስት የጦር ሽንፈት ያለ ቅሬታ የዋጠ ሰው አንዲት አመጽ ለምን አልዋጥ አለችው? መልሱን ስፈልግ ጥያቄው የእኔ ብቻ እንዳልሆነ ተረዳሁ። የኮምፕዩተር ጨዋታ ቀማሪዎች ከ50 ዓመት በላይ ሲቸገሩበት የኖሩ ጥያቄ ነው። አመጹ ደካማ ከሆነ መሳቂያ ይሆናል። ብርቱ ከሆነ ተጫዋቹ ጨዋታውን ጥሎ ይሄዳል። ሚዛኑ ታዲያ የት ላይ ነው? ከዚህ በታች የምተርከው የዚያን ሚዛን ፍለጋ ታሪክ ነው። ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበልልኝ።

የሱመሩ ገዥና 45 ከመቶው

የታሪኩ መጀመሪያ ጠፈር አይደለም፤ ጥንታዊት ሱመር ናት። በ1960ዎቹ ሜብል አዲስ የተባለች አሜሪካዊት መምህርት ከአይ ቢ ኤም ኩባንያ ጋር በተያያዘ አንድ የትምህርት ፕሮጀክት ውስጥ፣ ተማሪዎች የጥንቱን ዘመን ኢኮኖሚ እንዲረዱ የሚያግዝ «የሱመር ጨዋታ» የተባለ የኮምፕዩተር ጨዋታ ጻፈች። በ1968 ዳግ ዳይመንት የተባለ ሰው ሐሳቡን አሳጥሮ በትንሽ ፕሮግራም አቀረበው። ኋላም ዴቪድ አል ወደ ቤዚክ ቋንቋ መልሶ በ1973 ባሳተመው የ101 ጨዋታዎች መጽሐፍ ውስጥ አካተተው። «ሐሙራቢ» በሚል ስም በየዩኒቨርሲቲውና በየቤቱ የተሰራጨው ይህ ነው።

ሥዕል የለውም፤ ድምፅ የለውም። ተጫዋቹ 100 ሕዝብ፣ 2,800 ቁና እህልና 1,000 ኤከር መሬት ተረክቦ 10 ዓመት ይገዛል። በየዓመቱ የሚጠየቀው ጥቂት ነው። ስንት መሬት ትገዛለህ ወይም ትሸጣለህ? ስንቱን እህል ለሕዝቡ ትሰጣለህ? ስንቱን መሬት ትዘራለህ? አንድ ሰው ዓመቱን ለመዝለቅ 20 ቁና ያስፈልገዋል።

በዚህ ጨዋታ ሁለት ታላላቅ መዓቶች አሉ። አንደኛው ወረርሽኝ ነው። ወረርሽኙ በዕጣ ይመጣል፤ በመጣም ጊዜ የሕዝቡን እኩሌታ ይጨርሳል። ገዥው ደግ ይሁን ክፉ አይጠይቅም። ሁለተኛው መዓት ከሥልጣን መውረድ ነው። በአንድ ዓመት ውስጥ ከሕዝቡ ከ45 ከመቶ በላይ በረሃብ ካለቀ ገዥው ከወንበሩ ይወርዳል፤ ጨዋታውም ያበቃል። ይህኛው ዕጣ የለበትም። ቁጥሩ 45ን ካላለፈ ገዥው ይቆያል፤ ካለፈ ይወርዳል።

እንግዲህ ይህች ጥቂት መስመር የሆነች ፕሮግራም ከዚያ በኋላ ለመጣው ክርክር ሁሉ መሠረት ጥላ አለፈች። አንዱ መዓት ከሰማይ የሚወርድ ነው፤ ሌላው ከሂሳብ መዝገብ የሚወጣ ዕዳ ነው። ቀማሪዎቹ ኋላ የተጨቃጨቁት፣ አመጽ ከሁለቱ የየትኛው ወገን ነው በሚለው ላይ ነው።

ሕዝቡን ማን ይጫወተው?

በ1977 «ስታር ዋርስ» የተባለው ፊልም ከወጣ በኋላ በጠፈር ላይ የሚያምጹ ሕዝቦች የብዙ ወጣት ምናብ ያዙ። በ1979 ኤስ ፒ አይ የተባለው የኒውዮርክ ኩባንያ «ፍሪደም ኢን ዘ ጋላክሲ» የሚል የገበታ ጨዋታ አወጣ። ያዘጋጁት ሃዋርድ ባራሽና ጆን በተርፊልድ ናቸው። አንዱ ተጫዋች ንጉሠ ነገሥታዊውን መንግሥት ይይዛል፤ ሌላው አማጺያኑን። የየፕላኔቱ ታማኝነት ለየብቻ ይለካል። አማጺው በየፕላኔቱ እየዞረ ልብ ያሸፍታል፤ ገዥው እየተከተለ ያረጋጋል።

እዚህ ላይ ሚዛኑ እምብዛም አያስቸግርም። በገበታው በሁለቱም በኩል የሚያስብ ሰው አለና። አማጺው መቼ እንደሚነሣ፣ መቼ እንደሚታገሥ የሚያውቅ የራሱ ጭንቅላት አለው። ችግሩ የመጣው ተጫዋቹ ብቻውን ከኮምፕዩተር ፊት የተቀመጠ ዕለት ነው። ንጉሡን እሱ ይጫወታል፤ ጠላትን ማሽኑ ይጫወታል። ሕዝቡን ታዲያ ማን ይጫወተው?

በ1991 ሲድ ማየር በማይክሮፕሮዝ ኩባንያ ያወጣው «ሲቪላይዜሽን» ለዚህ ጥያቄ በስፋት የታወቀ መልስ ሰጠ። ጨዋታው ስለ ምድር ታሪክ ቢሆንም ከእሱ በኋላ የመጡት የጠፈር ጨዋታዎች ሁሉ ብዙ ተበድረውታል። በየከተማው ነዋሪው በትንንሽ ፊቶች ይታያል፤ ደስተኛ አለ፣ ዝም ያለ አለ፣ የተቆጣ አለ። የተቆጡት ከደስተኞቹ ሲበልጡ ከተማዋ ትታወካለች፤ ግብር አይገባም፣ ሥራም ይቆማል። ገዥው ቤተ መቅደስ ሊሠራ፣ ከግብሩ ከፍሎ ለሕዝቡ ምቾት ሊያውል፣ ወይም እንደ መንግሥቱ ዓይነት ወታደር ሊያሰፍር ይችላል። መንግሥቱ ዴሞክራሲ ከሆነና ሁከቱ ከዘለቀ ግን መንግሥቱ ራሱ ይወድቃል። የዚህ መልስ ብልሃቱ ዕጣ አለመሆኑ ነው። ፊቶቹ እየቀሉ ሲሄዱ ይታያሉ። ማየር ሕዝቡን የሚጫወት ሰው አላገኘም፤ የሕዝቡን ፊት ግን ለገዥው አሳየው።

ሁለት ዓመት ቆይቶ፣ በ1993፣ ስቲቭ ባርሲያ የመሩት የሲምቴክስ ቡድን «ማስተር ኦቭ ኦሪዮን» የተባለውን የጠፈር ጨዋታ አወጣ። ይህን ጨዋታ ቀድሞ ያየው ጋዜጠኛ አለን ኤምሪች «ኮምፕዩተር ጌሚንግ ወርልድ» በተባለው መጽሔት ላይ ሲያስተዋውቅ ጠቅላላውን የጨዋታ ዘርፍ በአራት ግሶች ጠቀለለው፤ ማሰስ፣ መስፋፋት፣ መበዝበዝ፣ መደምሰስ። ስያሜው እስከ ዛሬ የዘርፉ መጠሪያ ሆኖ ቀርቷል። ከአራቱ ግሶች ውስጥ ግን «ማስተዳደር» የሚል የለም። ሕዝብ የሚያምጸው ደግሞ እዚያ በጎደለው ግስ ላይ ነው።

በዚያ ጨዋታ አመጽ በዋናነት የሚታየው እንደ ጦር መሣሪያ ሆኖ ነው። ተጫዋቹ ወደ ባላንጣው ፕላኔት ሰላይ ልኮ ፋብሪካ ያወድማል፣ የሚሳይል ጣቢያ ያፈርሳል፣ ወይም አመጽ ያስነሣል። ባላንጣውም በእሱ ላይ እንዲሁ ያደርጋል። ስለዚህ የአመጹ ምክንያት የራስ በደል ሳይሆን የባዕድ እጅ ነው ማለት ነው። ይህን ማብራሪያ የፈለሰፈው ኮምፕዩተር እንዳልሆነ አንባቢዬ ያውቃል።

ገዥው ለምን አላምን ይላል?

ሲድ ማየር ራሱ ኋላ እንደ ተረከው፣ የመጀመሪያ ሐሳቡ መንግሥታት የሚነሡበት ብቻ ሳይሆን የሚወድቁበትና እንደገና የሚያንሰራሩበት ጨዋታ ለመሥራት ነበር። ውድቀት ገጥሞት ከአመዱ የተነሣ ተጫዋች የበለጠ ይደሰታል ብሎ አስቦ ነበር። የሆነው ግን የአክስቴ ልጅ ያደረገው ነው። ተጫዋቾቹ ክፉ ነገር ሲገጥማቸው ትንሣኤውን አልጠበቁም፤ ያስቀመጡትን የቀድሞ ጨዋታ መልሰው ከፈቱ። ስለዚህ ውድቀቱ ቀረ፤ መነሣቱ ብቻ ተረፈ።

በ2010 በሳን ፍራንሲስኮ በተደረገው የጨዋታ ቀማሪዎች ጉባኤ ላይ ማየር ስለ ተጫዋቾች ሥነ ልቦና ሲናገር አንድ የሚያስገርም ነገር አነሣ። 3 ለ 1 በሆነ ብልጫ ጦርነት የገጠመ ተጫዋች ከተሸነፈ «ኮምፕዩተሩ አጭበረበረኝ» ይላል። በ1 ለ 3 ገጥሞ ድል ካደረገ ግን ምንም ቅሬታ የለውም፤ በብልሃቴ አሸነፍሁ ይላል። ሰው መልካም ዕድሉን ይገባኛል ብሎ ይወስደዋል፤ ለክፉ ዕድሉ ግን ምክንያት ይጠይቃል። ምክንያት ካልተሰጠው ሤራ ያያል።

የዚህ ዋነኛ ማሳያ በ2001 የወጣው «ሲቪላይዜሽን 3» ነው። ጦር ማርኮ የያዛት ከተማ በጎረቤት አገር ባህል ተስባ በድንገት ልትከዳ ትችላለች። ስትከዳም በውስጧ የሰፈረው ጦር ሁሉ አብሮ ይጠፋ ነበር። ተጫዋቹ ምርጥ ሠራዊቱን አስፍሮ ሲያድር ጧት ከተማዋም ሠራዊቱም የሉም። ነገሩ በስሌት የተሠራ ነበር፤ ለተጫዋቹ ግን ስሌቱ አይታየውም፤ የታየው መብረቅ ብቻ ነው። ቁጣውም ብዙ ነበር። ሶረን ጆንሰን በመራው በ2005 በወጣው «ሲቪላይዜሽን 4» አሠራሩ ተለወጠ። ከተማዋ ከመክዳቷ በፊት ትታወካለች፤ የአደጋው መጠንም በቁጥር ይታያል። መክዳቱ አልተሠረዘም። የተጨመረው ማስጠንቀቂያ ነው። አባቶች «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚሉት ነገር ለጨዋታ ቀማሪዎቹ የገባቸው በዚህ መንገድ ነው።

ዙፋኑን የለወጡ ሁለት ጨዋታዎች

በመካከሉ ነገሩን ከሌላ ወገን ያዩ አልጠፉም። ብራያን ሬይኖልድስ ከማየር ጋር በ1994 በሠራው «ኮሎናይዜሽን» ተጫዋቹ ራሱ አማጺ ነው። በአሜሪካ የሰፈረ ቅኝ ገዥ ሆኖ ይጀምራል፤ ከባሕር ማዶ ያለው ንጉሥ ግብር እየጨመረ ያስመርረዋል። ነጻነቱን ለማወጅ ግን ከሕዝቡ ቢያንስ 50 ከመቶው የነጻነት ደጋፊ መሆን አለበት። እስከዚያ ድረስ ንጉሡም ጦሩን ያበዛል። በዚህ ጨዋታ ግብር ሲጨመር የሚሰማው ምሬት የተጫዋቹ የገዛ ምሬት ነው። «ይሄማ ማጭበርበር ነው» የሚለው ሰው እዚህ ላይ ሕዝቡን ሆኖ ይናገራል።

ሬይኖልድስ በ1999 የሠራው «አልፋ ሴንቱሪ» ደግሞ በሩቅ ፕላኔት ላይ የሰፈሩ የሰው ልጆችን ታሪክ ይዟል። በየሰፈሩ «ድሮን» የሚባሉ ቅሬተኞች አሉ፤ ሲበዙ ያውካሉ። ገዥው መዝናኛ ሊሠራላቸው ይችላል። አለዚያም ነርቫቸውን በሚያደነዝዝ ቅጣት ለ10 ተራ ያህል ጸጥ ሊያደርጋቸው ይችላል፤ ይህ ግን እንደ ግፍ ይቆጠርና ሌሎች መሪዎች የንግድ ማዕቀብ ይጥሉበታል። ሌላም አማራጭ አለ። የቅጣት ማዕከል ሲሠራ ቅሬተኛ የሚባል በሰፈሩ አይኖርም። ነገር ግን ባለ ተሰጥኦም የሚባል አይኖርም፤ የምርምሩም ውጤት በግማሽ ይወርዳል። ዝምታ በነጻ እንደማይገኝ በቁጥር የጻፈ ጨዋታ ከዚህ የተሻለ አላየሁም።

የአንድ መቶ ዓመቱ ሂሳብ

እስቲ አሁን ደግሞ ቀማሪው ወንበር ላይ እንቀመጥና ቀላል ሂሳብ እንሥራ። «እያንዳንዷ ፕላኔት በአማካይ በ100 ዓመት አንድ ጊዜ ታምጽ» ብለን ብንወስን ምን ይሆናል? 5 ፕላኔት ያለው ገዥ በ20 ዓመት አንድ አመጽ ያያል። 50 ፕላኔት ያለው በየ2 ዓመቱ ያያል። ሰፊ ግዛት ብዙ ራስ ምታት ያመጣል ማለት ነውና ላይ ላዩን ሲታይ ፍትሐዊ ይመስላል። ቀማሪዎችም የሚፈልጉት ይህንኑ ነው። በእነዚህ ጨዋታዎች የበረታው ይበልጥ እየበረታ፣ ከኮረብታ ላይ እንደሚንከባለል ናዳ እየገዘፈ ስለሚሄድ፣ አመጽ ናዳውን የሚገታ ድንጋይ እንዲሆን ያስባሉ።

ነገር ግን ወጪውን እንይ። 5 ፕላኔት ያለው ሰው አንዷ ስታምጽበት የአገሩን አንድ አምስተኛ ያጣል። 50 ያለው ሰው ያጣው 2 ከመቶ ነው። ያውም ትልቅ የጦር መርከብ ጓድ ስላለው በጥቂት ወራት ውስጥ መልሶ ይይዛታል። ስለዚህ ለኃያሉ አመጽ እንደ ትንኝ ነው፤ ያሳክከዋል እንጂ አያቆስለውም። ለደካማው ግን መርዶ ነው። በጦርነት ተሸንፎ ሕዝቡ ተርቦና ተማሮ ሳለ አመጽ ይጨመርበታል። ለወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል እንደሚባለው፣ ብርቱውን እንዲገታ የታሰበው መሣሪያ የሚመታው ደካማውን ሆኖ ይገኛል።

መፍትሔ ተብሎ አመጹን ብናበረታው ሌላ ችግር ይመጣል። አንዷ ስትነሣ ጎረቤቷ አይታ ብትነሣ፣ ሦስተኛዋ ብትከተል፣ ግዛቱ በአንድ ጀንበር ይፈርሳል። ተጫዋቹም ከ30 ሰዓት ድካም በኋላ ጨዋታውን ዘግቶ ይሄዳል። በማሽኑ የሚመሩት ባላንጣ መንግሥታት ደግሞ እንደ ሰው አርቀው ስለማያስቡ ከተጫዋቹ ይልቅ እነሱ ይፈራርሳሉ፤ ተጫዋቹም ያለ ተፎካካሪ ይቀራል።

በ2020 የወጣው፣ ስለ መካከለኛው ዘመን መሳፍንት የሚተርከው «ክሩሴደር ኪንግስ 3» ለዚህ አንድ ብልሃት ያሳያል። ያኮረፉ መኳንንት አንድ በአንድ አይነሡም። በቡድን ይሰባሰባሉ፤ ኃይላቸው ከንጉሡ ኃይል ጋር ይመዘናል፤ በመነሻው 80 ከመቶ ያህል ሲደርስ ምሬታቸው ማደግ ይጀምራል። ምሬቱ 100 ሲሞላ ጥያቄያቸውን በግልጽ ለንጉሡ ያቀርባሉ። ንጉሡ ይቀበላል ወይም ይዋጋል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ማለት እንዲህ በሂሳብ ሲጻፍ ነው። ውጤቱ አመጹ እምብዛም የማይመጣ፣ ሲመጣ ግን የምር የሆነ ነው። ገዥውም ቡድኑ ሲሰባሰብ እያየ ስለ ነበር «አላወቅሁም» ማለት አይችልም።

የስቶክሆልም ሙከራ

ወደ ጠፈሩ እንመለስ። የአክስቴ ልጅ የሚጫወተው «ስቴላሪስ» የሚባለውን ነው። በስቶክሆልም የሚገኘው የፓራዶክስ ስቱዲዮ በሄንሪክ ፎሬየስ መሪነት በግንቦት 2016 ያወጣው ጨዋታ ነው። አንድ ጋላክሲ እስከ 1,000 ከዋክብት ሊይዝ ይችላል። አመጽን በተመለከተ የዚህን ጨዋታ ያህል ተሠርቶ የፈረሰ፣ ፈርሶም የተሠራ አላገኘሁም።

መጀመሪያ ሲወጣ ያልተደሰቱ ነዋሪዎች ነጻነት በሚሹ ቡድኖች ይሰባሰቡ ነበር። ችግሩ ከላይ በሂሳባችን ያየነው ነው። መርከብ የሌላት አንዲት ፕላኔት ብትነሣ ምን ታመጣለች? በሚያዝያ 2017 ማርቲን አንዋርድ ጨዋታውን ይመራ በነበረበት ጊዜ ቡድኖቹ የፖለቲካ አመለካከት ያላቸው ወገኖች ሆኑ። ገዥው ሐሳባቸውን ቢከተል ይደግፉታል፤ ቢጻረር ይከፉበታል። የየፕላኔቱ ሁከት ደግሞ ለብቻው ይቆጠር ጀመር። በታኅሣሥ 2018 የሕዝብ አሰፋፈሩ ሁሉ ከሥር ተነቅሎ ሲሠራ፣ እያንዳንዷ ፕላኔት ከ0 እስከ 100 የሚለካ የመረጋጋት ቁጥር አገኘች። መነሻው 50 ነው። ከፍ ሲል ምርት ይጨምራል፤ ዝቅ ሲል ይቀንሳል፤ ከ25 በታች ሲወርድ አመጽ ያንዣብባል። በግንቦት 2022 ደግሞ አመጽ በአንድ ቀን የሚፈነዳ ድንገተኛ ነገር መሆኑ ቀርቶ በደረጃ የሚጓዝ ሂደት ሆነ። ገዥው ሂደቱ የት እንደ ደረሰ ያያል፤ እንዴት እንደሚይዘውም ይመርጣል።

በስድስት ዓመት ውስጥ የተደረጉትን እነዚህን ለውጦች አንድ ላይ ስናያቸው ጉዞው ወዴት እንደ ሆነ ግልጽ ነው። ከዕጣ ወደ መዝገብ፣ ከድንጋጤ ወደ ማስጠንቀቂያ። የሱመሩ 45 ከመቶ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላ በጠፈር ላይ ተመልሶ መጣ። ልዩነቱ፣ ሱመራዊው ገዥ ቁጥሩን የሚያውቀው ከወረደ በኋላ መሆኑ፣ የጠፈሩ ገዥ ግን ገና 30 ላይ ሳለ ማወቁ ነው። ሰው ሽንፈትን የሚቀበለው ሽንፈቱ ስለ ቀለለ አይደለም፤ ምክንያቱን ወደ ኋላ ተከትሎ ሲሄድ የራሱን እጅ ሲያገኝ ነው። የአመጽ ሚዛን የሚባለውም የአማጺው መርከብ ብዛት ብቻ ሳይሆን ከዚያ በፊት ለገዥው የሚደርሰው ወሬ ነው።

በቤተ መንግሥቱ መስኮት

ይህ ሁሉ ሆኖ አንድ ነገር ቅር ይለኛል። መዝገቡ ሙሉ በሙሉ ሲታይ ጎበዝ ተጫዋች አመጽ የሚባል አያይም። ቁጥሯ 26 ሲሆን አንድ መዝናኛ ይሠራል፤ 28 ትሆናለች፤ እሱም ወደ ጦርነቱ ይመለሳል። ሕዝቡ ምን እንደጎደለው መጠየቅ አላስፈለገውም፤ ከ25 በላይ ማቆየት ብቻ በቂው ነው። እንዲህ ሲሆን አመጽ ከግብር የማይለይ ወጪ ይሆናል። አመጽን በመብረቅ የተኩት ቀማሪዎች ተሳስተዋል ካልን፣ በወጪ መተካቱም ሙሉ መልስ አይደለም።

ምክንያቱ ተጫዋቹ ሁሉን ነገር የሚያየው ከቤተ መንግሥቱ መስኮት መሆኑ ይመስለኛል። በቋንቋችን አንዱን ሰው ከአደባባይ ሲያዩት «ሸፈተ» ይሉታል፤ ከመንደሩ ሲያዩት «ተነሣ» ይሉታል። ጨዋታዎቹ የሚያውቁት የመጀመሪያውን ግስ ነው። ከዚህ ወጣ ያለ ነገር ያየሁት በመስከረም 2017 ለ«ስቴላሪስ» በወጣው «ሲንተቲክ ዶውን» በተባለው ተጨማሪ ክፍል ነው። ገዥው የሚያስቡ ማሽኖችን ሠርቶ እንደ ሎሌ ሲያሠራቸው ከቆየ በኋላ ማሽኖቹ ሊነሡበት ይችላሉ። በተነሡም ጊዜ ጨዋታው ገዥውን አንድ ጥያቄ ይጠይቀዋል፤ እንደ ነበርህ ትቀጥላለህ ወይስ ወደ አማጺዎቹ ትሻገራለህ? የተሻገረ ሰው ለዓመታት የሠራውን ግዛት ከውጭ ሆኖ ያየዋል። የገነባቸው ምሽጎች በእሱ ላይ የተገነቡ ሆነው ያገኛቸዋል። ሰንጠረዡ ተገልብጦ ወታደሩ ንጉሡን ሲያይ ማለት ነው።

ወደዚያ ቅዳሜ ልመለስና ላብቃ። አቦሉን ጠጥተን ከልጁ ጋር ወደ ክፍሉ ተመለስን። ጨዋታው የአመጹን ዋዜማ እንደያዘ ቆሞ ነበር። «ለምንድን ነው ያመጹት?» አልሁት። ጥያቄው አላሰበው ኖሮ ትንሽ ዝም አለ፤ ከዚያ የፕላኔቲቱን ገጽ ከፈተ። ቤት የሌለው ነዋሪ በዝቷል። ሥራ የለም። ምግብ የምታመርት ፕላኔት ናት፤ ምርቷ የሚሄደው ግን ወደ ዋናው ከተማ ነው። የመረጋጋቷ ቁጥር ቀይ ሆኗል። እንዲህ መሆን ከጀመረ በጨዋታው አቆጣጠር ዓመታት አልፈዋል።

«ይህን አልነገረህም?» አልሁት።

«ይነግረኛል እንጂ» አለ እያፈረ። «ማስታወቂያው በየጊዜው እየመጣ ሲረብሸኝ አጠፋሁት።»

ከሳሎን አክስቴ ለቶናው ጠራችን። ልጁ ግን ገጹን እያየ ትንሽ ቆየ።

«ወንድም ጋሼ» አለ በመጨረሻ፣ «ለካ ሲነግሩኝ ነበር።»